ዉዲ ገትሪ፤ የግድቡ ዘፋኝና የቤተሰቡ ደዌ

ስመ ጥር ሰዎች ዘወትር የሚታወሱት በሠሩት ሥራ እንጂ በታመሙት ሕመም አይደለም። አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፋኝ ዉዲ ገትሪ ግን በሁለቱም ይታወሳል። በአንድ በኩል በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የተሠሩትን ታላላቅ ግድቦች በዜማ ያወደሰ፣ ኮንክሪትና ተርባይን የዘፈን ርእስ እንዲሆኑ ያደረገ ሰው ነው። በሌላ በኩል ከእናቱ የወረሰው፣ ቀስ በቀስ እየገፋ አካልንና አእምሮን የሚያደክም ደዌ የሕይወቱን የመጨረሻ 15 ዓመታት አብዛኛውን ክፍል ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወር እንዲያሳልፍ አስገድዶታል። የዘፈኑ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። የደዌው ታሪክ ግን ከዚያ ያላነሰ ትምህርት አለው፤ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም ምንም ሊሠራለት የማይችል ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ያሳያልና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና የእናቱ ሕመም

ዉድሮው ዊልሰን ገትሪ ጁላይ 14 ቀን 1912 በኦክላሆማ ግዛት ኦኪማ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ስሙ የወጣለት በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር በነበረው በዉድሮው ዊልሰን ነው። አባቱ ቻርሊ መሬት እየገዛ የሚሸጥ፣ በአካባቢውም ፖለቲካ የሚሳተፍ ሰው ነበር። እናቱ ኖራ ደግሞ ከቀድሞ ትውልድ የወረደ ትረካ ያላቸውን ዘፈኖች ለልጆቿ የምታዜም ሴት ነበረች፤ የልጁም የዘፈን ፍቅር ከእርሷ የተቀዳ ነው። ከዘፈኑ ጋር ሌላም ነገር ከእርሷ መውረሱን ግን በዚያን ጊዜ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ዉዲ ገና ሕፃን ሳለ የእናቱ ጠባይ ይለወጥ ጀመር። ያለ ምክንያት ትቆጣለች፤ ሥራ ትጀምርና ትተዋለች፤ እጅና እግሯም ሳታዛቸው ይንቀሳቀሳሉ። በ1919 ታላቅ እኅቱ ክላራ በእሳት ተቃጥላ ሞተች። በ1927 ደግሞ አባቱ እንዲሁ በእሳት ክፉኛ ተጎዳ። ከዚህ በኋላ እናቲቱ ኖርማን በተባለው ከተማ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደች፤ በ1930ም እዚያው ዐረፈች። ቤተሰቡ ሲበተን ዉዲ ገና 15 ዓመት አልሞላውም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ኖራን በእብደት ያማት ነበር፤ ስም ያልወጣለት ደዌ ለሐሜት የተመቸ ነውና።

የሚያሳዝነው ግን ደዌው ስም ያልነበረው አለመሆኑ ነው። ጆርጅ ሐንቲንግተን የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ሐኪም በ1872 ስለዚህ ሕመም አንድ አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። አባቱም አያቱም በሎንግ አይላንድ ደሴት ኢስት ሃምፕተን በተባለ ስፍራ ሐኪሞች ስለ ነበሩ፣ ሦስቱ ትውልድ በተከታታይ ያዩዋቸውን ቤተሰቦች ታሪክ አጣምሮ ለመመልከት ችሏል። ሕመሙ በዘር እንደሚወረድ፣ የሚጀምረውም ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ እንደ ሆነ፣ አእምሮንም እንደሚያውክ ገለጸ። አንድ ልጅ ከደዌው ካመለጠ የልጅ ልጆቹም ነፃ እንደሚሆኑ ሳይቀር አመለከተ። ይህ የውርስ ሕግ ከታተመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ የኦኪማይቱ እናት የታወቀችው በእብደት ነበር። ዕውቀት መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ከሚፈለግበት ቦታ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዘፈንና ግድብ

በ1929 ወጣቱ ገትሪ አባቱ ወዳለበት ወደ ፓምፓ፣ ቴክሳስ ሄደ። በ1933 ሜሪ ጄኒንግስን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። በ1935 ታላቁ የአቧራ ማዕበል የሜዳውን አገር ሲያለብሰው እሱም በዚያው ነበር። ድርቅና የኢኮኖሚ ድቀት መሬታቸውን ያስለቀቃቸው ገበሬዎች ወደ ምዕራብ ሲጎርፉ እሱም በ1937 ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ፤ በሎስ አንጀለስ ሬዲዮ ጣቢያም እየዘፈነ የስደተኞቹ ድምፅ ሆነ። በ1940 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ፣ ኋላ የአሜሪካ ተማሪዎች ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁትን ዝነኛ ዘፈኑን ጻፈ። በዚያው ዓመት ስለ አቧራው ዘመን የዘፈናቸው ዘፈኖች በሸክላ ታተሙ።

ከመሐንዲሶች ጋር የተገናኘው በ1941 ነው። በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ከተሠሩት ግድቦች የሚገኘውን ኃይል የሚያከፋፍለው የቦንቪል የኃይል አስተዳደር ስለ ሥራው ለሚያዘጋጀው ፊልም ዘፈን እንዲጽፍለት ለአንድ ወር ቀጠረው። ደመወዙ 266 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነበር። ያን ጊዜ ርዝመቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 168 ሜትር የሆነው የግራንድ ኩሊ ግድብ ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ ነበር። ገትሪ በመኪና እየተዘዋወረ ወንዙን፣ ሠራተኛውንና የኃይል ማመንጫውን ተመለከተ፤ በ1 ወር ውስጥም 26 ዘፈኖችን አበረከተ። በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ግድቡ የሚወደሰው በግዝፈቱ ብቻ አይደለም። መብራት ለሌለው ጎጆ መብራት፣ ውሃ ለሌለው እርሻ ውሃ ስለሚያደርስ ጭምር ነው። የሥራን ዋጋ በሥራው ትልቅነት ሳይሆን በሚጠቅመው ሰው ይለካ ነበር ማለት ይቻላል። ከእነዚህም ዘፈኖች አንዱ በ1987 የዋሽንግተን ግዛት ይፋዊ የሕዝብ ዘፈን ሆኖ ተሰይሟል።

በ1943 የሕይወት ታሪኩን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዓለም ጦርነቱም ወቅት በንግድ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ባሕር ተሻገረ። የመጀመሪያው ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ በ1945 በማርታ ግራሃም የውዝዋዜ ጓድ ውስጥ ትሠራ የነበረችውን ማርጆሪ ማዚያን አገባ። በብሩክሊን ኮኒ አይላንድ ኑሯቸውን መሥርተው አራት ልጆች አፈሩ። የበኩር ልጃቸው በ1947 በቤት ውስጥ በተነሣ እሳት በ4 ዓመቷ ሞተች። እሳት የዚህን ቤተሰብ ደጃፍ ለሦስተኛ ጊዜ ማንኳኳቱ ነበር።

የተሳሳቱ ስሞች

ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ገትሪ ራሱን መሆን አቃተው። ንዴቱ በረታ፤ አካሄዱ ተንገዳገደ፤ ንግግሩ ተጎተተ፤ ጊታሩንም እንደ ቀድሞው መጫወት ተሳነው። ከልጅነቱ የዘላንነት ጠባይ ያለው፣ መጠጥም የሚቀምስ ሰው በመሆኑ ወዳጆቹ ነገሩን ሁሉ ከመጠጥና ከጠባዩ ጋር አያያዙት። አንዱ ሐኪም የመጠጥ ሱሰኛ ነው አለ፤ ሌላው ስኪዞፍሬኒያ የተባለ የአእምሮ ሕመም ነው አለ። እውነተኛው ስም የተነገረው በ1952 በብሩክሊን ነው፤ በዚያ የእናቱ ታሪክ ከእሱ ምልክቶች ጋር ተገናዝቦ የሐንቲንግተን ደዌ መሆኑ ተረጋገጠ። ገትሪ 40 ዓመቱ ነበር።

የተሳሳተ ስም የሚያስከትለው ጉዳት በሕክምና ብቻ አይወሰንም። ሰካራም የተባለ ሰው ሲንገዳገድ ይገሠጻል እንጂ አይደገፍም። እብድ የተባለ ሰው ሲናገር የሚያደምጠው የለም። ሚስት ባልዋ የሚቆጣው ስለ ጠላት ይመስላታል፤ ልጆችም አባታቸው ጥሏቸው የሄደ ይመስላቸዋል። ገትሪም በእነዚያ ዓመታት ከቤቱ ርቆ አገር ለአገር ዞረ፤ ከማርጆሪም ጋር ተፋትቶ በ1953 ሦስተኛ ሚስት አገባ። በፍሎሪዳ ሳለ ክንዱ በእሳት ተቃጥሎ ጊታር የሚጫወትበት እጁ ጨርሶ ተጎዳ። በ1954 ወደ ብሩክሊኑ ሆስፒታል ተመልሶ ገባ።

ከዚህ ላይ የደዌውን ጠባይ በአጭሩ መግለጥ ያስፈልጋል። የሐንቲንግተን ደዌ የሚመጣው በአንድ ጂን ጉድለት ነው። በአራተኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘው በዚህ ጂን ውስጥ ሲ፣ ኤ፣ ጂ በተባሉ ፊደላት የሚወከል አንድ ባለ ሦስት ፊደል ቃል እየተደጋገመ ይጻፋል። በጤናማ ሰው ድግግሞሹ እስከ 26 ይደርሳል፤ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሰውየው የዕድሜውን ልክ ከኖረ ደዌው አይቀርለትም። ከወላጆቹ አንዱ የታመመበት ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ይኸውም ሰው አግብቶ ልጅ ከወለደ በኋላ ነው። ከዚያም በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ድረስ እንቅስቃሴን፣ አስተሳሰብንና ስሜትን አንድ ላይ እያደከመ ይሄዳል። በሐኪሞች ዘንድ የሕመሙ የቀድሞ መጠሪያ ጭፈራ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ አካሉ ያለ ፈቃዱ ሲወዛወዝ የሚጨፍር ይመስላልና። ውዝዋዜን ሙያዋ ያደረገች ሴት የዚህ በሽተኛ አስታማሚ መሆኗ የሚያስገርም መገጣጠም ነው።

በሆስፒታል የተጠናቀቀ ዕድሜ

በ1956 ገትሪ በኒው ጀርሲ ሲንከራተት ተገኝቶ ግሬይስቶን ፓርክ ወደሚባለው ሰፊ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። ለአምስት ዓመት ያህል በክፍል 40 ተኛ። በአገሩ እየገፋ ለሚሄድ የነርቭ ደዌ የተዘጋጀ ማረፊያ ስላልነበረ፣ አእምሮው ገና የሚያስተውለው ሰው ፍጹም ሌላ ዐይነት ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር አብሮ እንዲኖር ተደረገ። ጥፋቱ የአንድ ሐኪም ወይም የአንድ ሆስፒታል አልነበረም፤ ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ቦታ ያላሰበ ሥርዐት ውጤት ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉ ደብዳቤዎቹ የሕመሙን ጉዞ እንደ መለኪያ መሣሪያ ይመዘግባሉ፤ ድሮ የተስተካከለው የእጅ ጽሕፈት እየተለቀ፣ እየተጣመመ፣ በመጨረሻም እየጠፋ ሄደ።

ሆኖም እንክብካቤው ከሆስፒታሉ ውጭ ካሉ ሰዎች መጣ። ማርጆሪ ሚስቱ መሆኗ ከቀረ ብዙ ዓመት ቢሆነውም አልተወችውም። ልጆቹን ይዛ ትጠይቀው ነበር፤ ልጆች ወደ ሕሙማኑ ክፍል ስለማይገቡ ቤተሰቡ የሚገናኘው በግቢው ሣር ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። በአቅራቢያው ኢስት ኦሬንጅ በተባለው ከተማ የሚኖሩ የግሊሰን ባልና ሚስትም እሑድ እሑድ እያወጡ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ጀመር። በዚያ ቤት ምግብ ቀርቦ፣ ወዳጆቹ ተሰብስበው ዘፈኖቹን ይዘፍኑለት ነበር። በ1961 መጀመሪያ ላይ ገና ስም ያላወጣው ወጣቱ ቦብ ዲለን ሊጠይቀው የመጣውም በዚያን ጊዜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሕሙማን ቁጥር ማሟያ የነበረው ሰው እሑድ ቀን እንደገና ዉዲ ገትሪ ይሆን ነበር። ይህ ሕክምና አይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የትኛውም መድኃኒት ያላደረገለትን አድርጎለታል።

በ1961 ለቤተሰቡ ወደሚቀርበው የብሩክሊን ሆስፒታል፣ በ1966 ደግሞ በኩዊንስ ወደሚገኘው ክሪድሙር ተዛወረ። አንደበቱ ሲዘጋ ማርጆሪ አዎን እና አይደለም የሚሉ ቃላት የተጻፉባቸው ካርዶች አዘጋጀችለት፤ እሱም የፈለገውን በእጁ እየጠቆመ ይመልስላት ነበር። እጁ ሲደክም በዐይኑ ጥቅሻ ይግባቡ ጀመር። ሁለት ቁራጭ ወረቀት እጅግ ርካሽ መሣሪያ ነው። ነገር ግን በሽተኛው መናገር ስላቃተው ማሰብም አቅቶታል ብሎ መደምደም ስሕተት መሆኑን ያረጋገጠ መሣሪያ ነበር። ዉዲ ገትሪ ኦክቶበር 3 ቀን 1967 በ55 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ የተጀመረው ሥራ

ማርጆሪ ገትሪ እሱ በሞተበት በ1967 ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ሆና የሐንቲንግተንን ደዌ የሚዋጋ ኮሚቴ አቋቋመች። ይህ ኮሚቴ ዛሬ በአሜሪካ ለሚሠራው የሐንቲንግተን ደዌ ማኅበር መሠረት ነው። ሐኪም አልነበረችም፤ የሳይንስ ትምህርትም አልነበራትም። የነበራት አንድ ጥያቄ ነው፤ የእሷ ቤት የደረሰበት ነገር በስንት ቤት ይደርስ ይሆን? በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ደዌውን እንደ ነውር ይሸሽጉት ነበር። የልጅን የትዳር ዕድል እንዳያበላሽ፣ ሥራ እንዳያስከለክል ተብሎ የአያት ሞት ምክንያት ሳይቀር ይደበቅ ነበር። እሷ ግን የታዋቂ ሰው ስም በእጇ ስለ ነበረ ስሙን አልሸሸገችም፤ ይልቁንም ሌሎቹ ከተሸሸጉበት እንዲወጡ በር መክፈቻ አደረገችው። ከከተማ ከተማ እየዞረች ለቤተሰቦች፣ ለሐኪሞችና ለሕክምና ተማሪዎች ተናገረች፤ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ረዳች።

ጥረቷ በመንግሥት ዘንድ ተሰማ። የአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ሐንቲንግተን ደዌና ስለሚያስከትለው ችግር የሚያጠና ኮሚሽን በ1976 እንዲቋቋም አደረገ፤ ሊቀመንበሯም ማርጆሪ ሆነች። ሥራ አስኪያጇ ናንሲ ዌክስለር ነበረች። የእሷም እናት በዚሁ ደዌ የተያዘች ስለ ነበረች፣ አባቷ ሚልተን ዌክስለር በ1968 የዘር ውርስ ደዌዎች ምርምር ድርጅት መሥርቶ ነበር። ኮሚሽኑ በልዩ ልዩ ከተሞች እየተቀመጠ የቤተሰቦችን ምስክርነት ሰማ፤ በ1977ም ሪፖርቱን አቀረበ። ከቤተሰቦቹ የመጣው ቃል የገትሪን ቤት ታሪክ የሚደግም ነበር፤ ለዓመታት የዘለቀ የተሳሳተ የሕመም ስም፣ የሚቀበል ማረፊያ መጥፋት፣ ሥራና ገቢ መቋረጥ፣ ብቻቸውን የሚደክሙ አስታማሚዎች። ስለዚህ ሪፖርቱ ምርምርንና እንክብካቤን አንዱን ከአንዱ ሳይለይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

የምርምሩ ክፍል ወደ ቬኔዙዌላ መራ። በማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ ደዌው በብዛት የሚታይባቸው ቤተሰቦች እንዳሉ የአገሩ ሐኪም አሜሪኮ ኔግሬቴ ቀደም ብሎ በ1955 አሳትሞ ነበር። ከ1979 ጀምሮ በናንሲ ዌክስለር የሚመራ ቡድን በየዓመቱ ወደዚያ እየሄደ የትውልድ ሐረግ መዘገበ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የደም ናሙናዎችንም ሰበሰበ። በ1983 በእነዚህ ናሙናዎች ርዳታ ጂኑ የሚገኝበት ስፍራ በአራተኛው ክሮሞዞም ላይ እንደ ሆነ ታወቀ። ማርጆሪ ይህን ሳታይ በዚያው ዓመት ማርች ወር ላይ ዐርፋለች። ጂኑ ራሱ የተገኘው ከ10 ዓመት በኋላ በ1993 ሲሆን፣ የምርምር ጽሑፉ 58 ሳይንቲስቶች በጋራ የደከሙበት ነበር። ደማቸውን የሰጡት የሐይቁ ዳር ሰዎች ግን በአብዛኛው በድህነታቸው ቀሩ። ከሳይንሱ ድል አጠገብ ይህ ዕዳ ተመዝግቦ መቀመጥ ይገባዋል።

ያልተጠናቀቀው ግንባታ

ዛሬ በአንድ የደም ምርመራ ሰው ጂኑን መውረስ አለመውረሱን ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን ደዌውን ጨርሶ የሚፈውስ መድኃኒት ገና በሐኪሞች እጅ ስላልገባ፣ ለመውረስ ከሚሠጉት ሰዎች አብዛኞቹ ላለመመርመር ይመርጣሉ። ስለዚህ ምርመራው ከመደረጉ በፊትም በኋላም በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ ምክር የሕክምናው አካል ሆኗል። በአሜሪካ በ2008 የወጣ ሕግ አሠሪዎችና የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶች በዘር ውርስ መረጃ ምክንያት ሰውን እንዳይበድሉ ይከለክላል። የሕይወትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም፤ ይኸውም ሕጉ የቀረው ቤተሰቡ ርዳታ አጥብቆ በሚሻበት ስፍራ ነው ማለት ነው። በዚያው በ2008 ያለ ፈቃድ የሚመጣውን እንቅስቃሴ የሚያስታግስ ቴትራቤናዚን የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ መድኃኒት ምልክቱን ይቀንሳል እንጂ የደዌውን ጉዞ አይገታም።

በሽተኛው በየቀኑ የሚያገኘው ጥቅም በአብዛኛው የሚመጣው ከተቀናጀ እንክብካቤ ነው። የነርቭ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያስተካክላል። የአእምሮ ሐኪሙ ኀዘኑንና ቁጣውን ያክማል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መውደቅን ይከላከላል። የንግግር ሕክምና ባለሙያው ንግግሩን ይረዳል፤ ምግብ ሲዋጥ እንዳያንቀው አዋዋጡን ያሠለጥናል። የሥነ ምግብ ባለሙያውም፣ በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው ብዙ እየበላ እንኳ ስለሚከሳ፣ የምግቡን ኃይል ከፍ ያደርጋል። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ደግሞ የሥራ ፈቃድን፣ የጡረታን፣ የአስታማሚን ዕረፍት ጉዳይ ይዞ ይሄዳል። በአሜሪካ ወደ 41,000 የሚደርሱ ሰዎች ምልክቱ ታይቶባቸዋል፤ ከ200,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ የመውረስ ሥጋት አለባቸው። ይህን ሁሉ ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሰባስቡ ማእከላት በማኅበሩ ድጋፍ ቢቋቋሙም፣ ከእነርሱ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ዛሬም ብዙ መንገድ መጓዝ ግድ ይሆንበታል።

የገትሪ ቤተሰብ ራሱ የዕጣውን ግማሽ በግማሽነት አይቷል። ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው ሁለት ሴቶች ልጆቹ ደዌውን ወርሰው ሁለቱም በ41 ዓመታቸው ሞቱ፤ ማርጆሪ ካሳደገቻቸው ሦስት ልጆች ግን ደዌው አልታየባቸውም። ይህ የዕድል እንጂ የማንም ጥፋት ወይም ጽድቅ ውጤት አይደለም። የሰው ሥራ የሚጀምረው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው።

ግድብ የሚሠራ ሰው ዝናብ የሚዘንብበትን ቀን አያዝም፤ ውሃው በመጣ ጊዜ የሚያልፍበትን መንገድ ግን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ማርጆሪ ገትሪ ለማይቆም ደዌ የሠራችው ይህንኑ ነው። ትክክለኛ ስም፣ የሚያውቅ ሐኪም፣ የሚቀበል ቤት፣ የሚደግፍ ሕግ፣ አንደበት ሲዘጋ የሚተካ ካርድ፤ እነዚህ ሁሉ ፈውስ እስኪገኝ ድረስ የሚጠብቁ ነገሮች አይደሉም። ኖራ ገትሪ በኖርማን ከሞተች 1 ምእት ዓመት ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው። እርሷ ከእነዚህ አንዱንም አላገኘችም፤ ልጅዋ ጥቂቱን አገኘ፤ የልጅ ልጆቿ ዘመን ደግሞ የበለጠውን አየ። ጂኑን ለማግኘት ብዙ ሊቃውንትና ብዙ ገንዘብ አስፈልጓል። አዎን እና አይደለም የሚሉትን ሁለት ካርዶች ለመጻፍ ግን ያስፈለገው በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚያስብ ሰው መኖሩን ማመን ብቻ ነበር።